የኮምፒውተሩ ዋጋ የሚታወቀው መብራት ሲመጣ ነው

ጀሞ፣ ለቡ፣ ጎፋ፣ መካኒሳ ወይም ሳሪስ መብራት ሲጠፋ ብዙ ሰው አይደነግጥም። እንጀራ የምትጋግረው ሊጡን ትከድናለች፤ ተማሪው የስልኩን መብራት አብርቶ ማንበቡን ይቀጥላል፤ ፀጉር ቤቱ ጄኔሬተር ያስነሳል። የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪ የሚጠነቀቀው መብራት ሲመጣ ነው። «ፍሪጁን ንቀል፣ ቴሌቪዥኑን ንቀል፣ ትንሽ ይረጋጋ» የሚለውን ትእዛዝ ያልሰማ ልጅ የለም። ጨለማ ዕቃ አያቃጥልም። ዕቃ የሚያቃጥለው ተመልሶ የሚመጣው ኃይል ነው።

በዚህ ክፍለ ከተማ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ፣ ኮምፒውተር በራሱ እጅ ገጣጥሞ፣ በእሱ እንጀራውን የሚበላ ወጣት ብዙ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል፣ የሕንፃ ዲዛይን ይሠራል፣ ለውጭ ደንበኛ ኮድ ይጽፋል፣ ሙዚቃ ይቀዳል። ይህ ወጣት ዕቃ ሊገዛ ሲነሳ ስለ ፕሮሰሰሩ ሳምንት ያነባል፤ ስለ ግራፊክስ ካርዱ ከጓደኞቹ ጋር ወር ሙሉ ይከራከራል። ሁሉንም የሚመግበውን ፓወር ሰፕላይ ግን የሚያስበው በመጨረሻ ነው። በተረፈችው ብር ይገዛዋል፤ ወይም ከኬዙ ጋር «በነጻ» የመጣውን ይቀበላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ያለው ላይ ነው። ግራፊክስ ካርዱን አንድ ደረጃ ከፍ ለማድረግ ከፓወር ሰፕላዩ የተቆረጠው ገንዘብ፣ አንድ ምሽት ካርዱንም ማዘርቦርዱንም ይዞ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚገጣጠም ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ መመረጥ ያለበት በመጀመሪያ ነው። የሚመረጥበት መስፈርትም «ስንት ዋት ነው?» የሚለው ብቻ መሆን የለበትም። ዋናው ጥያቄ «የዚህን ከተማ የመብራት ጠባይ ምን ያህል ይችላል?» የሚለው ነው። ይህ ማለት ግን ሸክሙ ሁሉ የገዢው ነው ማለት አይደለም። ሻጩም፣ ተቆጣጣሪውም፣ መብራት አቅራቢውም የየድርሻቸው አለባቸው።

ለምን ትንሽ? ለምን ተገጣጣሚ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ ከዚያም መውጣቱን ቀጠለ። ኮምፒውተር ከብሎኑ እስከ ማሸጊያው በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ስለዚህ ያገለገለ ፕሮሰሰር ከአንዱ፣ ራም ከሌላው፣ ግራፊክስ ካርድ በዘመድ ሻንጣ ከዱባይ እያመጡ መገጣጠም ለብዙዎች የትርፍ ጊዜ መዝናኛ አይደለም። የሥራ መሣሪያ ማግኛ ብቸኛው መንገድ ነው። በዚያው ልክ አንድ አካል ሲቃጠል መተካቱ ከበፊቱ በእጥፍ ይከብዳል።

ትንሽነቱም ምክንያት አለው። የኪራይ ክፍል ጠባብ ነው፤ ቤት በየጊዜው ይቀየራል። ሥራ ተይዞ መብራት ከጠፋ ደግሞ ኮምፒውተሩን በቦርሳ ይዞ መብራት ወዳለበት ጓደኛ ቤት መሄድ የተለመደ ነው። ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው ማዘርቦርድ ወርዱም ቁመቱም 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። እሱን የሚይዝ ኬዝ ከጫማ ካርቶን ብዙም አይበልጥም። ለእንዲህ ያለ ኬዝ መደበኛው የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ አይገባም። ኤስኤፍኤክስ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ያስፈልጋል፤ መጠኑ 12.5 በ10 በ6.35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ትንሹ ዓይነት በገበያ ላይ ብርቅ ነው፤ ሲገኝም ውድ ነው። ገዢው ወይ «ይገባል» የተባለውን ማንነቱ ያልታወቀ ሳጥን ይወስዳል፣ ወይ ኬዙን በመጋዝ ይቆርጣል።

ግድቡ ጉባ፣ ሶኬቱ ጀሞ

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው፣ በሕዝብ መዋጮ ጭምር የተሠራ ግድብ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ወር የግቤ 3 ውኃ ቀንሶ አገሩ ሁሉ በፈረቃ ያደረበትን ጊዜ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው «ግድቡ አልቆ መብራት ለምን ይጠፋል?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እየቀላቀለ ነው።

ማመንጨትና ማከፋፈል አንድ አይደሉም። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል የማመንጨቱና የከፍተኛ መስመሩ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የማድረሱ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተሰጠ። ግድቡ ጉባ ነው፤ ሶኬቱ ጀሞ ነው። በመሃል ከፍተኛ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር፣ ምሰሶ፣ የላላ ሽቦና ቆጣሪ አለ። የውኃው ብዛት የሰፈሩን ትራንስፎርመር አያድሰውም። ጎፋ ውስጥ «መብራት ኃይል» ተብሎ የሚጠራ ሰፈር አለ፤ እዚያም ቢሆን መብራት ይጠፋል።

የኢትዮጵያ መብራት በወረቀት ላይ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በሶኬት ላይ ግን ሦስት ዓይነት ጠባይ ያሳያል።

አንደኛው ማነስ ነው። ማታ ማታ ምጣዱ፣ ምድጃው፣ የውኃ ፓምፑ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት አምፖሉ ይደበዝዛል። ቮልቴጁ ከ220 በብዙ ይወርዳል።

ሁለተኛው አመጣጡ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዴ መጥቶ ዝም አይልም። ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። በየመሃሉ ለቅጽበት የሚዘል ከፍተኛ ቮልቴጅ አለ።

ሦስተኛው እጅግ አደገኛው ነው፤ የኒውትራል ሽቦ መበጠስ። ኮንዶሚኒየሞች የሚመገቡት በሦስት ፌዝ ነው፤ በፌዝና በፌዝ መካከል ያለው ቮልቴጅ 380 ነው። የጋራው ኒውትራል ሲላላ ወይም ሲበጠስ ኃይሉ በየቤቱ ባለው ዕቃ መጠን ይከፋፈላል። አንዱ ቤት 120 ቮልት ሲያገኝ ሌላው ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። በአንድ ደረጃ ላይ ያሉ ጎረቤቶች የአንዳቸው ቴሌቪዥን ሲቃጠል የሌላው አምፖል የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ማንበብ

ጥሩው ነገር፣ ገዢው በኪሱ መለኪያ መሣሪያ ባይዝም ብዙውን ነገር ፓወር ሰፕላዩ ጎን ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ማንበብ ይችላል። መጀመሪያ የሚነበበው የመግቢያው ቮልቴጅ ነው። «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ መብራቱ 150 ቢወርድም ያለ ችግር ይሠራል። «200–240» ብቻ የሚል ከሆነ ለጀሞ ምሽት አልተሠራም። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለው ደግሞ የድሮ አሠራር ነው። ማብሪያው በስህተት 115 ላይ ሆኖ 220 ቮልት ሶኬት ውስጥ ከተሰካ ፍንዳታው የጎረቤት ልጅ ያስለቅሳል። ከአሜሪካ ወይም ከሌላ 110 ቮልት ከሚጠቀም አገር በመጣ ያገለገለ ዕቃ ላይ ይህን ሳያዩ መሰካት አይገባም።

ሁለተኛው ትልቁ ማታለያ ነው፤ የዋት ቁጥር። በሳጥኑ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ይላል። ዛሬ ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚመገቡት ከ12 ቮልት መስመር ነው። ስለዚህ መታየት ያለበት በዚያ መስመር ስር የተጻፈው አምፔር ነው። 15 አምፔር ካለ፣ 15 በ12 ሲባዛ 180 ዋት ነው። የቀረው 320 ዋት ኮምፒውተሩ ብዙም በማይጠቀምባቸው መስመሮች ላይ የተደመረ የወረቀት ቁጥር ነው። እውነተኛ 450 ዋት የሆነ ፓወር ሰፕላይ በ12 ቮልቱ ላይ 37 አምፔር ገደማ ይጽፋል። ይህን ማባዛት የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ከአንድ ሺህ የዩቲዩብ ግምገማ ይበልጣል።

ስንት ዋት ይበቃል? ብዙዎች ከሚያስቡት ያነሰ። 65 ዋት የሚባል ፕሮሰሰር ሥራ ሲበዛበት 90 ወይም 120 ዋት ሊወስድ ይችላል። እንደ አርቲኤክስ 4060 ያለ ግራፊክስ ካርድ 115 ዋት ነው። ዲስኩ፣ ራሙ፣ ማራገቢያው ተደምሮ 50 ቢወስድ ድምሩ 300 አይሞላም። ለዚህ እውነተኛ 450 ዋት በቂ ነው። በወረቀት 750 ከሆነ ሐሰተኛ እውነተኛው 450 ይሻላል።

ሦስተኛው አስማሚ ኬብል ነው። ካርዱ የሚፈልገው ባለ 6 ፒን ማገናኛ ፓወር ሰፕላዩ ላይ ከሌለ፣ ሻጩ ከሳታ ማገናኛ የሚቀይር አስማሚ ያቀርባል። የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት የሚችለው 54 ዋት ነው፤ ካርዱ በባለ 6 ፒኑ ሊጠይቅ የሚችለው 75 ነው። ጭነቱ ከአቅሙ ሲያልፍ ማገናኛው ይግላል፤ ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ተገቢው ማገናኛ ከሌለው ያን ካርድ እንዲሸከም አልተሠራም ማለት ነው።

ብቻውን የሚሞትና አስከትሎ የሚሞት

ጥሩ ፓወር ሰፕላይም ይቃጠላል። ልዩነቱ አሟሟቱ ላይ ነው። ጥሩው በውስጡ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅን፣ ከመጠን ያለፈ ጭነትንና ሾርትን የሚያውቅ መከላከያ አለው። ሊሞት ሲል በሩን ዘግቶ ብቻውን ይሞታል። መጥፎው መከላከያውን ለርካሽነት ሲባል ትቶታል፤ ሲሞት ማዘርቦርዱን፣ ዲስኩንና በዲስኩ ላይ ያለውን የደንበኛ ሥራ አስከትሎ ይሄዳል። የሠርግ ቪዲዮ የጠፋበት ሙሽራ «ፓወር ሰፕላይ ነው» ቢባል አይገባውም፤ ካሳ ይጠይቃል። የሚጠየቀውም ትክክል ነው። ሠርጉ አይደገምም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ «ዩፒኤስ ገዝቼም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሬ ለምን ይጠፋል?» መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ነው። ተራ ዩፒኤስ ወደ ባትሪ ለመቀየር ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያች ክፍተት ኮምፒውተሩን የሚያኖረው የፓወር ሰፕላዩ ትልቁ ካፓሲተር የያዘው ኃይል ነው። ለረጅም ዓመታት ሥራ ላይ የቆየው የኢንቴል የኤቲኤክስ መመሪያ ቢያንስ 16 ሚሊ ሰከንድ እንዲይዝ ይጠይቃል። ርካሹ አምራች መጀመሪያ የሚያሳንሰው ይህን ካፓሲተር ነው፤ ዋጋው ውድ ነዋ። ስለዚህ ዩፒኤሱ ሥራውን እየሠራ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ዩፒኤሱን ይረግማል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ዘመናዊዎቹ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች ከርካሽ ዩፒኤስ የሚወጣውን ያልተስተካከለ ሞገድ አንዳንዴ አይወዱትም። ዩፒኤሱ ላይ የተጻፈው ቪኤ ደግሞ ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙ ጊዜ ከ360 እስከ 390 ዋት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተለያይተው ሳይሆን አብረው መፈተን አለባቸው። ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተሩ ከባድ ሥራ እየሠራ ሳለ ዩፒኤሱን ከግድግዳ መንቀል ነው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከማንኛውም ዋስትና ወረቀት የበለጠ ይናገራል።

ሻጮች የሚያሳዩት ሌላ «ፍተሻ» አለ። ከባለ 24 ፒኑ ማገናኛ አረንጓዴውን ገመድ ከጥቁሩ ጋር በቁራጭ ሽቦ ያገናኙና ማራገቢያው ሲዞር «ይኸው ይሠራል» ይላሉ። ማራገቢያ መዞሩ ማራገቢያ መዞሩን ብቻ ነው የሚያሳየው። ጭነት ያልተደረገበት በሬ ሁሉ ጎበዝ ነው።

የሚነዝረው ኬዝ

የኮምፒውተር ኬዝ ሲነካ እጅን ጠዝጠዝ የሚያደርግበት ቤት ብዙ ነው። ሰው ይለምደዋል፤ ጫማ አድርጎ ይቀመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ረብሻ የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉት፤ እነሱ ወደ መሬት ሽቦ የተገናኙ ናቸው። የመሬት ሽቦ ከሌለ የኬዙ ብረት በ220 አጋማሽ፣ ማለትም 110 ቮልት አካባቢ ላይ ይንሳፈፋል። ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ እንደ ዋናው መስመር ሰው አይጥልም። ነገር ግን ኬብሉ ከቴሌቪዥን፣ ከካሜራ ወይም ከድምፅ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ያ ቮልቴጅ በኤችዲኤምአይ በኩል መውጫ ይፈልጋል። ብዙ የካሜራና የቴሌቪዥን መግቢያ በዚህ መንገድ ይቃጠላል። ፓወር ሰፕላዩ እውነት ከተበላሸ ደግሞ መሬት የሌለው ኬዝ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት የትኛውም ውድ ፓወር ሰፕላይ ሥራውን ሙሉ አይሠራም። ብዙ ቤት ሶኬቱ ለመሬት የሚሆን ብረት አለው፤ ከኋላው ግን ሽቦ አልተያያዘም። ባለ ሁለት እግር ማከፋፈያም ነገሩን ያጠፋዋል። ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ የመሬት መስመሩን ማስፈተሽና ከሌለ ማስተከል ከግራፊክስ ካርድ በብዙ ያንሳል። አከራዮችም ይህን የተከራይ ጣጣ አድርገው ማየታቸውን መተው አለባቸው። የመሬት ሽቦ የቤቱ እንጂ የኮምፒውተሩ አካል አይደለም።

ለኒውትራሉ አደጋ መድኃኒቱ ፓወር ሰፕላይ አይደለም። 380 የተጠጋ ቮልቴጅን የሚችል የቤት ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የለም። ለፍሪጅ የሚገዛው፣ ቮልቴጁ ሲበዛ ወይም ሲያንስ የሚቆርጥና መብራት ሲመጣ ደቂቃዎች ቆይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ለኮምፒውተርም ይሆናል። ያን ዕቃ ለፍሪጅ የገዛ ሰው ከፍሪጁ በላይ ለሚያወጣ ኮምፒውተር አለመግዛቱ ይገርማል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን የሚገዛው ከመቃጠሉ በፊት ነው።

ከፍታው፣ ሙቀቱና ወርቃማው ምልክት

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አንጻር አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያው ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ይቀንሳል። በጫማ ካርቶን የሚያክል ኬዝ ውስጥ ይህ ትርጉም አለው። አንዳንድ ከቻይና የሚመጡ ዕቃዎች ላይ የተራራ ሥዕልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት ይታያል። ትርጉሙ ዕቃው ለ2,000 ሜትርና ከዚያ በታች ብቻ የተሠራ ነው ማለት ነው። ሳሳ ባለ አየር ውስጥ ኤሌክትሪክ ክፍተት ዘሎ ለማለፍ ይቀለዋል፤ ስለዚህ በመስመሮች መካከል ሰፋ ያለ ርቀት ያስፈልጋል። ይህ ምልክት ያለበት ዕቃ አዲስ አበባ ውስጥ በግልጽ ሲሸጥ የሚጠይቅ የለም።

«80 ፕላስ» የሚባለው ምልክትም መግባባትን ይፈልጋል። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጀመረ ሲሆን ነጭ፣ ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ፣ ፕላቲኒየምና ቲታኒየም እያለ ይወጣል። በዋናነት የሚለካው አንድ ነገር ነው፤ ከግድግዳው ከተወሰደው ኃይል ስንቱ ወደ ኮምፒውተሩ ደረሰ፣ ስንቱ ሙቀት ሆኖ ጠፋ። ስለ መከላከያው፣ ስለ ዕድሜው፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ስለሚያደርገው ነገር ምልክቱ ዝም ይላል።

ገንዘብ ይቆጥባል? ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲጨምር ተወስኖ ስለነበር ጥያቄው ተገቢ ነው። 250 ዋት የሚፈልግ ኮምፒውተር በ85 በመቶ ብቃት 294 ዋት፣ በ90 በመቶ ብቃት 278 ዋት ከግድግዳ ይወስዳል። ልዩነቱ 16 ዋት ነው። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 39 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህን በ11 ሰዓት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ወርቃማው ምልክት ለቆጣሪው ብሎ የሚገዛ አይደለም። ለጠባብ ኬዝ ሙቀት መቀነሱ ግን እውነተኛ ጥቅም ነው። ያም ሆኖ ነሐስ የሆነ፣ 100–240 የሚል፣ እውነተኛ አምፔር የተጻፈበት ፓወር ሰፕላይ፣ ምንጩ ካልታወቀ «ወርቅ» በእጅጉ ይሻላል።

ሁሉም ሰው መገጣጠም የለበትም

«ላፕቶፕ አይገዛም ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ላፕቶፕ ባትሪ በሆዱ ይዟል፤ ቻርጀሩም በአብዛኛው 100–240 ነው። ጽሑፍ ለሚጽፍ፣ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ኮድ ለሚማር ሰው መልሱ ላፕቶፕ ነው፤ ክርክር አያስፈልገውም። በላፕቶፕ ዓይነት ቻርጀር የሚሠሩ ትንንሽ ዝግጁ ኮምፒውተሮችም አሉ። ቻርጀራቸው ቢቃጠል ቻርጀሩ ብቻ ይቀየራል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ ኮምፒውተሮችም መጥፎ አማራጭ አይደሉም። የፋብሪካ ፓወር ሰፕላያቸው ዋቱ ትንሽ ቢሆንም እንደ ደንቡ የተጻፈውን የሚሰጥ ነው። ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚመገብ፣ ቢበዛ 75 ዋት የሚወስድ ግራፊክስ ካርድ ለሚበቃው ሰው፣ ካርዱን ማዘርቦርዱ የሚችለው መሆኑን አረጋግጦ እንዲህ ያለውን መግዛት ከወረቀት 500 ዋት ጋር ከመታገል ይሻላል። መገጣጠሙ የሚያዋጣው ከባድ ቪዲዮ፣ ዲዛይንና ድምፅ ለሚሠራ፣ በየጊዜው አንድ አንድ አካል እየቀየረ ለማሳደግ ለሚያስብ ሰው ነው። ያ ሰው ደግሞ ከጠቅላላ በጀቱ ቢያንስ አንድ አሥረኛውን ለፓወር ሰፕላዩ መመደብ አለበት። ገንዘብ ካነሰ የሚቀነሰው ከግራፊክስ ካርዱ ነው። ካርድ ከዓመት በኋላ ሊቀየር ይችላል፤ የተቃጠለ ማዘርቦርድ አይመለስም።

«ስታብላይዘር አለኝ» የሚለውም አለ። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ያግዛል፤ ሲበዛ የሚቆርጥ ከሆነም መልካም ነው። ግን ቅጽበታዊውን ዝላይ ለመያዝ ቀርፋፋ ነው፤ የፓወር ሰፕላዩን ሐሰተኛ ዋትም እውነት አያደርገውም።

ዕዳው የማን ነው?

እስከዚህ ያለው ለገዢው ነው። ግን ነገሩን እዚህ ላይ ማቆም ፍትሐዊ አይሆንም። አንድ የ24 ዓመት ወጣት መብራቱን ለማስተካከል ዩፒኤስ፣ መከላከያ፣ የመሬት ሽቦና ውድ ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ፣ የከተማውን የማከፋፈያ መስመር ጉድለት ከኪሱ እየከፈለ ነው። ይህ ወጪ በየትኛውም የመንግሥት ሪፖርት ላይ አይታይም።

መንግሥት ወጣቱን ወደ ዲጂታል ሥራ ይጠራል፤ «5 ሚሊዮን ኮደሮች» የሚል አገራዊ ሥልጠና ይሰጣል። ጥሪው መልካም ነው። ሥልጠናው የሚሠራው ግን በሶኬት ነው። በሌላ በኩል ለቢትኮይን ሥራ የመጡ ኩባንያዎች በማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ተተክለው ኃይል በቀጥታ ሲገዙ ቆይተዋል። የውጭ ምንዛሪ ያመጣሉ፤ ያ ጥቅም አይካድም። ነገር ግን የእነሱም ማሽን ኮምፒውተር ነው፣ የጀሞው ልጅም ኮምፒውተር ነው። አንዱ ከምንጩ አጠገብ የተረጋጋ ኃይል ሲያገኝ፣ ሌላው በመስመሩ ጫፍ የተረፈውን የሚቀበል ከሆነ፣ የትኛው ዲጂታል ኢኮኖሚ እየተገነባ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የሚጠየቀውም ከአቅም በላይ አይደለም። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፍ ሲጨምር ከታሪፉ ጋር የሰፈር ትራንስፎርመርና የኒውትራል ግንኙነት ፍተሻ መርሐ ግብር በየወረዳው ቢያሳውቅ፣ ከፋዩ ምን እየገዛ እንደሆነ ያውቃል። ለጥገና የሚቋረጥ መብራትም መቼ ጠፍቶ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ ከተነገረ፣ ዕቃ መንቀል ለማንም አይከብድም።

የንግድ ተቆጣጣሪውም የራሱ ሥራ አለው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። 180 ዋት የሚሰጥ ሳጥን ላይ 500 መጻፍ ከኪሎ ላይ ስኳር ከመስረቅ በምን ይለያል? የስኳር ሚዛን የሚፈትሽ ተቆጣጣሪ ካለ፣ የዋት ሚዛንም ሊፈተሽ ይገባል። ከ2,000 ሜትር በታች ብቻ የሚል ዕቃ 2,300 ሜትር ላይ ሲሸጥም ቢያንስ ለገዢው ይነገር።

ሐቀኛ ሻጮችም የሚያተርፉበት ነገር ነው። በሱቃቸው አንድ የጭነት መፈተኛና አንድ ዩፒኤስ አስቀምጠው በገዢው ፊት ቢፈትኑ፣ በሐሰተኛ ወረቀት ከሚወዳደሯቸው በአንድ ጊዜ ይለያሉ። ገዢውም ደረሰኝ ሳይቀበል፣ የአምፔሩን ጽሑፍ ፎቶ ሳያነሳ ከሱቁ ባይወጣ፣ ሐሰተኛው ዕቃ ቦታ እያጣ ይሄዳል። ገበያ የሚታረመው በአዋጅ ብቻ አይደለም፤ አስልቶ በሚገዛ ሰውም ነው።

ይህ ሁሉ እስኪሆን የሚጠብቅ ሥራ የለም፤ ደንበኛ ነገ ቪዲዮውን ይፈልጋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት ኮምፒውተር ሊገጣጥም የሚወጣ ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ፓወር ሰፕላይ ይሁን። ጎኑን ገልብጦ ሁለት ነገር ያንብብ፤ መግቢያው ከ100 እስከ 240 መሆኑንና 12 ቮልቱ ላይ ስንት አምፔር እንዳለ። በ12 አባዝቶ ያስላ። ቁጥሩ የማይገጥም ከሆነ መልሶ ያስቀምጠው። ፕሮሰሰሩን ከዚያ በኋላ ይምረጥ።